በቁሙ የተለቀሰለት ባሕረኛ

ባሌን ከማግባቴ በፊት መቃብሩን አይቼዋለሁ። ቀልድ አይደለም። ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንሶላና ፎጣ በምናጥብበት ክፍል፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከኪስ ቦርሳው ፎቶግራፍ አውጥቶ አሳየኝ። ነጭ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ሐውልት ነው። አናቱ ላይ መልሕቅ ተስሎበታል፣ ከሥሩ የሦስት ወጣቶች ፎቶ በመስተዋት ተሸፍኖ ተደርድሯል። ሦስቱም የባሕር ኃይል ቆብ አድርገዋል።

«የመሃሉ እኔ ነኝ» አለኝ።

አማተብኩ። ወንድ ልጅ ሴት ለመተዋወቅ ሲፈልግ ብዙ ነገር ያሳያል፤ መኪናውን የሚያሳይ አለ፣ ግሪን ካርዱን የሚያሳይ አለ። መቃብሩን ያሳየኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

«ምነው፣ ሞተህ ነበር እንዴ?»

«ሞቼ ነበራ» አለና ሳቀ። ሳቁ ያምር ስለነበር ፎቶውን ረሳሁት። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ እኔ ለአገሩ ገና እንግዳ ነኝ፣ በአማርኛ የሳቀልኝ ሰው ሁሉ ዘመዴ ይመስለኝ ነበር።

ታሪኩን ቀስ በቀስ ነገረኝ። ሦስቱም የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው። በአንድ ሰፈር አድገው፣ በአንድ ክፍል ተምረው፣ በአንድ ቀን ባሕር ኃይል ገቡ። ለምነው ለምነው አንድ ጀልባ ላይ ተመደቡ። ምፅዋ በተያዘች ሰሞን ጀልባቸው ተመታች። ለቤተሰብ የደረሰው ወሬ ከጀልባዋ አንድም ሰው አልተረፈም የሚል ነበር።

መርዶው እንዴት እንደተነገረ አጎቱ በኋላ አጫውተውታል። ሽማግሌዎች በሦስት ተከፍለው፣ ጎህ ሲቀድ ሦስቱ ደጆች ላይ በአንድ ጊዜ ደረሱ። አንዷ እናት የሌላዋን ጩኸት ሰምታ፣ ደጋፊ ሳይኖራት እንዳትወድቅ ብለው ነው። አስከሬን የለም። ስለዚህ ልጆቹ በመጨረሻው የዕረፍት ፈቃዳቸው ቤት ትተውት የሄዱትን ነጭ ዩኒፎርም በአንድ ሳጥን ከተቱት። ቄሱ «ልብስ ምን ፍትሐት አለው?» ብለው ቢያጉረመርሙም፣ ሰፈሩ እግራቸው ላይ ወድቆ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስቀበረው። ሐውልቱ ቆመ፣ ተስካሩም ወጣ። ሦስቱም እናቶች እርማቸውን አወጡ።

እርም ማውጣት ላልደረሰበት ሰው የለቅሶ ወግ ብቻ ይመስለዋል። ደረትሽን ደቅተሽ፣ ፀጉርሽን ተላጭተሽ፣ ጥቁርሽን ለብሰሽ፣ ሰው ሁሉ አይቶልሽ፣ ከዚያ በኋላ በር ሲንኳኳ «ልጄ ነው» ብለሽ አለመነሳት ነው። የሚያርፉትም በዚህ ነው።

እሱ ግን አልሞተም። ሌላ ጀልባ ከውሃ አንስቶት ደሴት ላይ ከረመ፤ መንግሥት ሲወድቅ ከቀረው ባሕረኛ ጋር የመን ገባ። ከስደተኛ ካምፕ ወጥቶ ስልክ እስኪያገኝ ከዓመት በላይ አልፎ ነበር። እሱ ሰፈር ስልክ ያለው የሐጂ ሱቅ ብቻ ነው። ሐጂ ድምፁን ሲሰሙ መነጋገሪያውን ባንኮኒው ላይ ጥለው «ቢስሚላሂ!» እያሉ ወደ ውጭ ወጡ። እናቱም «በሞተ ልጄ የሚቀልድ ማነው?» ብለው አልመጣም አሉ። ጎረቤት ጎትቶ አመጣቸው።

ይህን ሲያወራልኝ እስቃለሁ፤ እሱም አብሮኝ ይስቃል፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ይቋረጣል። የሚያቋርጠው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ተጋብተን ኒው ሆፕ የምትባል የከተማዋ ዳርቻ ላይ አንድ አፓርታማ ከተከራየን በኋላ ነው። ለእናቱ የምሥራች የሆነው ስልክ ለሁለቱ እናቶች መከራ ሆነ። አንዱ ከመጣ ሌሎቹ የት ይቀራሉ? ከእሱ እናት እኩል ጥቁራቸውን አወለቁ። ያወጡትን እርም መልሰው አስገቡት ማለት ነው። የቀኙ ፎቶ እናት ብዙም አልቆዩ፤ ልጃቸውን እየጠበቁ፣ ነጠላቸውን እንዳነጡ ሞቱ። የግራው ልጅ እናት ቀሩ።

እሳቸው በየበዓሉ ሱቁ ይመጣሉ። እኛ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ የስልክ ካርዳችንን ፍቀን እንደውላለን፤ እናቱ ያናግሩታል፣ ይመርቁታል፣ ከዚያ መነጋገሪያው ለእሳቸው ይሰጣል።

«ልጄ፣ የወንድምህን ወሬ አላገኘህም እንዴ?»

«እየጠየቅኩ ነው እማማ።»

«እግዜር ይስጥህ። ጠይቅልኝ እባክህ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሶፋው ላይ ቁጭ ይልና ጫማውን ያያል። የሠራሁት ዶሮ ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «ካላወቅህ አላውቅም በላት፤ ካወቅህ ንገራት፤ የሰው እናት ሱቅ ለሱቅ ምን ያንከራትታታል?» እለዋለሁ። ሐውልቱ ላይ ያለውን ፎቶውን እናቱ ሊያስነቅሉ ሲሉም እንቢ ያለው እሱ ነው። «ሁለቱን ብቻቸውን ላስቀራቸው?» ብሏቸዋል። ይህንንም ስሰማ ተናደድኩ። እኔ ያገባሁት በቁሙ ያለውን ሰው ነው፤ እሱ ግን ግማሹን ኮምቦልቻ ቀብሮት ነው የመጣው።

አንድ እሑድ ሜፕልዉድ ካለው ሞል ጓንትና ካልሲ ገዝተን ስንመለስ መኪናውን አንድ ሐይቅ ዳር አቆመ። ብርዱ የከረረበት ወር ነው። ሐይቁ በብርድ ጠጥሮ ሰዎች መሀሉ ላይ ይሄዳሉ፣ ወንበር ዘርግተው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ፒካፕ ሁሉ ላዩ ላይ ቆሟል። እሱ ውሃ አጠገብ መሄድ አይወድም ነበር። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሰዎቹን ያያል።

«በእግራቸው ይሄዳሉ» አለ።

«በረዶ ነዋ! ዛሬ ገና ነው እንዴ ያየኸው?»

ማልቀስ ጀመረ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ነገረኝ። የቀኙ ልጅ ጀልባዋ ስትመታ እዚያው ላይ ነው የሞተው። የግራው ልጅ ግን አብሮት ውሃ ውስጥ ገብቷል። አንድ ተንሳፋፊ ነገር ይዘው ሌሊቱን አሳለፉ። ሲነጋ የብስ ይታያቸው ነበር፤ ሩቅ አልነበረም።

«እጄን ይዞኝ ነበር» አለኝ። «ከዚያ አልያዘኝም።»

ሞተሩ እንደበራ ነው፤ ማሞቂያው ይነፋል። «ያኔ እንዲህ ቢሆንልን ኖሮ ተራምደን እንወጣ ነበር» አለ። አንጀቴን በላው። የገዛሁለትን ጓንት አውጥቼ እንደ ሕፃን አደረግሁለት።

ቤት ስንደርስ ግን ምላሴን መያዝ አልቻልኩም። «ታዲያ ለምን አትነግራትም?» አልኩት።

ተቆጣ። «መርዶ በስልክ ይነገራል? በዓል ቀን፣ ሱቅ ውስጥ፣ ስኳርና ጋዝ በሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ? ማን ይይዛታል?»

«ለአጎትህ ንገራቸው፤ ሽማግሌ ይላኩ።»

«ከዚያስ? ‹ያንቺ ልጅ ሞቷል፣ ያየውም እሱ ነው፣ እሱ ግን አሜሪካ ደህና ነው› ይበሏት? እኔ እዚህ ተቀምጬ? እግሯ ሥር ሆኜ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት። ወረቀቴ ይለቅ ብቻ፣ እሄዳለሁ።»

ወረቀቱ አለቀ። በዚያን ጊዜ ኤደን ፕሬሪ አንድ መጋዘን ገብቶ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳ ነበር። በሚቀጥለው ጥቅምት ሊሄድ ወስኖ ፈቃድ ጠየቀ። እኔ አብሬው መሄድ አልችልም፤ የጥገኝነት ኬዜ ስላልተወሰነ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ለእናቱ ሹራብ፣ ለግራው ልጅ እናት ጥቁር ሻሽ ገዛ። ሻሹን ሻንጣው ሥር ደበቀው። ከዚያ ሆዱን አመመው። የመጋዘኑ ካፍቴሪያ ምግብ ነው አለ፤ እኔም አመንኩት፤ ቅመም አብዝተሻል እንዳይለኝ እንጂ እኔም የምፈራው ሌላ አልነበረም።

ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ለራሱ ለበሽተኛው ነገረው። ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ። በእኛ ደንብ መጀመሪያ ዘመድ ወደ ውጭ ይጠራል፣ በሽተኛው ይደበቃል፣ ተስፋ ይሰጠዋል። ይኼኛው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ወራት እንደቀሩት ነገረው። ኮሪደር ላይ ወጥቼ በአማርኛ ተሳደብኩ፤ አንዲት ነርስ ውሃ አመጣችልኝ። ስመለስ ባሌ ያጽናናኛል። «አይዞሽ፤ የኔ መርዶ ሲነገር የመጀመሪያው አይደለም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ልመናው የመጣው። «እዚያ ላኪኝ» አለ። «ቦታ አለኝ።»

እኔ ደግሞ በልቤ ሴንት ፖል ያለውን መቃብር አስቤ ነበር። አውቶብስ ደጁ ድረስ ይሄዳል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጎራ እያልኩ፣ በረዶውን እየጠረግሁለት፣ የሳምንቱን ነገር ሁሉ እየነገርኩት እንደምኖር አስቤ ነበር። «እኔስ?» አልኩት። «እነሱ በሕይወትህም ወሰዱህ፤ ስትሞት እንኳ ለእኔ አትተርፍም? የት ሄጄ ነው የማለቅሰው?»

«ሳጥኔ ሲገባ ለጓደኛዬ እናትም ይነገራት» አለኝ፣ ያልኩትን እንዳልሰማ። «እኔ ቆሜ አትሰማም። እኔም ከነሱ ጋ ስሆን ትስማ። አንድ ላይ ያልቅሱልን።»

እንቢ አልኩ። እሱ እየከሳ፣ እኔ እየተቆጣሁ ሰነበትን። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማሸንፍበት ክርክር ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ድምፁ እንዳያሳብቅበት ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጠጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ደወለ። እናቱን «ወፍሬአለሁ፣ ሆዴ ሁሉ ወጥቷል» አላቸው፤ ሳቁ። ቀጥሎ የግራው ልጅ እናት ገቡ። ያው ጥያቄ ነው። «እየጠየቅኩ ነው እማማ» አለ፣ ሙሉ ድምፅ አውጥቶ። ዘግቶ ወደ ጎን ወደቀ። ትንፋሽ አጥሮት ላብ በላብ ሆኖ፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው።

«እሺ» አልኩት። «እሺ፣ እልክሃለሁ።»

ሐምሌ ላይ ሞተ። ያ ሁሉ ሐይቅ ቀልጦ ሰው ሲዋኝበት ነበር። ሴንት ፖል ፍትሐቱ ተደረገለት፤ ያገሬ ሰው፣ ወሎዬው፣ ሸዌው፣ ኦሮሞው፣ እስላም ክርስቲያኑ ሳይል አልቅሶ፣ አስከሬኑን ለመላክ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጨረሰልኝ። ኤርፖርት ስሄድ እንደ መንገደኛ በር ድረስ የምሸኘው መስሎኝ ነበር። የወሰዱን ግን ከጀርባ ወዳለው የጭነት መጋዘን ነው። ሳጥኑን ያነሳው ፎርክሊፍት ነው። ሹፌሩ ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ ነው፤ እኛን ሲያይ ሞተሩን አቀዝቅዞ ቆቡን አወለቀ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ ምንም ሳያንገጫግጭ ወሰደው። «የሙያ ጓደኛህ ነው፤ አትፍራ» አልኩት ባሌን። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች አእምሮዬን የሳትኩ መስሏቸው ያዙኝ።

ለአጎቱ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሌሊቱ፣ ስለ የብሱ፣ ስለ እጁም ጭምር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እንደ በፊቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ቤት እንገባለን» አሉኝ። ሻሹ አብሮት ሄዷል። እኔ ኒው ሆፕ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፌ ተቀመጥኩ። የማቅፈው ነገር ሳጣ የመጋዘን ጃኬቱን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ለካ እኔም በልብስ አልቃሽ ሆኛለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቀብሩ ቪዲዮ ካሴት በሰው እጅ መጣልኝ። የዚህ አገር ማጫወቻ ደግሞ የዚያን አገር ካሴት አያነብም፤ የሚያስለውጡበት ሱቅ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ካሴቱን ተቀብሎ ፈገግ አለና «ሰርግ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አንዴ ጮህኩ።

እሑድ ጠዋት ለብቻዬ አየሁት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግማሹ ነፋስ ነው። ሐውልቱ ጎን ተቆፍሯል። ከጉድጓዱ ግድግዳ የድሮው ሳጥን በስብሶ ይታያል፤ ከሳንቃው መሀል ነጭ ጨርቅ ብቅ ብሏል። ቄሱ ዘንድሮ አላጉረመረሙም። ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት ሁለት ሴቶች ተደግፈው መጡ። አንዷ አማቴ ናቸው፤ በአካል አይቻቸው አላውቅም፣ ግን ግንባሩ የእሱ ነው። ሌላዋ እሱ የገዛውን ጥቁር ሻሽ አስረዋል።

የግራው ልጅ እናት ሳጥኑ ላይ ወደቁ። ይጠሩ የነበረው የባሌን ስም አይደለም፤ የልጃቸውን ነው። በልጃቸው ስም እየጠሩ፣ ሳጥኑን በመዳፋቸው እየመቱ፣ ‹ያን ሁሉ ውሃ እንዴት ቻልከው፣ በረደህ ወይ› ይላሉ። ከሕዝቡ አንድም ሰው አላረማቸውም። አማቴ ትንሽ አይተዋቸው ከራስጌው ተነሡና ቦታውን ለቀቁላቸው፤ እሳቸው ወደ እግርጌ ሄደው ተንበረከኩ። አንድ አስከሬን ለሁለት ተካፈሉ። ከዚያ ሳጥኑን ከዩኒፎርሞቹ ጎን አወረዱት።

እኔ ያን ያህል የቀናሁበት መቃብር ይህ ነበር። ቴሌቪዥኑን ሳልዘጋ ምንጣፉ ላይ ተኛሁ።

ለገና ደወልኩ። ሐጂ «ቆይ ልጥራቸው» አሉ። አማቴ አለቀሱ፣ አለቀስኩ። ቀጥሎ መነጋገሪያው እንደ ድሮው ለግራው ልጅ እናት ተሰጠ። ይቅር ይበሉት ልላቸው ነው ያሰብኩት፤ ያን ሁሉ ዓመት ስላስጠበቃቸው።

«ልጄ» አሉኝ ቀድመውኝ። «እኔኮ አውቅ ነበር።»

«ምኑን እማማ?»

«የልጄን ነገር። እሱ ከየመን መጀመሪያ የደወለ ጊዜ እኔም ሱቁ ነበርኩ፤ ‹እማማ› ብሎኝ ዝም አለ። የዚያን ለት አወቅሁት። ልጄ በሕይወት ቢኖር ዝም ይል ነበር?»

«ጥቁርዎን ግን አወለቁ እኮ...»

«የመጣው ልጅ እንዳይሳቀቅ ነዋ! እኔ ጥቁር ለብሼ ደጁ ላይ ልዙርበት? እናቱስ እንዴት ትደሰት?»

«ታዲያ በየበዓሉ ለምን ይጠይቁት ነበር?»

«ካልጠየቅሁትማ ማወቄን ያውቃል፤ ይሰበራል። ደግሞ ልጄ፣ ባልጠይቀው በምን ምክንያት መጥቼ ድምፁን እሰማለሁ? እሱና ልጄ ሲያወሩ አንድ ዓይነት ነበሩ። ‹እየጠየቅኩ ነው እማማ› ሲለኝ የልጄን ድምፅ ሰምቼ እገባ ነበር።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ፣ «ሰማህ? እማማ ታውቅ ነበር እኮ!» ልለው ወደ ሶፋው ዞርኩ።